ስሜ ሳይጠራ የቀረ ቀን

ይህን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ስለ ትሕትና መጻፍ ያስፈራል። ገና ርዕሱን ሲያይ አንባቢው «ይሄ ደግሞ ትሑት ነኝ ሊለን ነው» ይላል። አይዟችሁ፣ እኔ የማወራችሁ ስለ ኩርፊያዬ ነው።

እዚሁ ደሴ፣ በምንሳለምበት ደብር ጥር ላይ ንግሥ ነበር። እኔ የመስተንግዶ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ኮሚቴ ስላልኩ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አምስት ሰዎች ነን፣ ከአምስቱ ሁለቱ ስልክ አያነሱም። ስለዚህ ድንኳኑን የተከራየሁት እኔ፣ 200 ወንበር በአይሱዙ ያስጫንኩት እኔ፣ በዋዜማው ጄኔሬተሩ አልነሣም ሲል ሰኞ ገበያ ድረስ ሄጄ መካኒኩን ከእራቱ ላይ አስነሥቼ ያመጣሁት እኔ። የጥርን የደሴ ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ጋቢ አይመክተውም። ሦስት ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም።

(አሁን ባነበባችሁት አንቀጽ ውስጥ ስንት «እኔ» አለ? እኔም ኋላ ነው ያየሁት። ላጠፋው ብዬ ተውኩት፤ ይቀመጥ።)

ታቦቱ ገብቶ፣ ሕዝቡ ጠበል ጸዲቁን ቀምሶ ሊበተን ሲል አንድ ወንድማችን ማይክ ይዞ የደከሙትን ማመስገን ጀመረ። በሬ የሰጡትን አመሰገነ። ዘይት ያመጡትን፣ የድምፅ መሣሪያ ያዋሰውን፣ መዘምራኑን። በየስሙ እልልታው ይቀልጣል። እኔ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ ቆሜያለሁ። ስሜ ሲጠራ ፊቴ ምን መምሰል እንዳለበት ጭምር አስቤበታለሁ፤ ትንሽ ደንገጥ፣ ከዚያ «ኧረ እኔ ምን ሠራሁ» የምትል ፈገግታ። ይህን ሁሉ አሰናድቼ ስጠብቅ ሰውየው «የረሳናችሁ ካላችሁ እግዚአብሔር አይረሳችሁም» ብሎ ማይኩን አጠፋው።

እግዚአብሔር አይረሳችሁም! እውነት መሆኑን አውቃለሁ። ያን ቀን ግን እንደዚያ ያበሸቀኝ ቃል የለም።

ማንንም ሳልሰናበት በጓሮ በኩል ወጣሁ። የጓሮው መንገድ በማእድ ቤቱ ነው የሚያልፈው። እማሆይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ከፊታቸው ሦስት ሣፋ ደርድረው ብርጭቆ ያጥባሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ብጽፈውም አይወዱትም። የማእድ ቤቱን ቁልፍ የያዙ ናቸው፣ የመገበሪያውን ስንዴም የሚለቅሙት እሳቸው ናቸው። እዚያ ስንት ዓመት እንደቆዩ የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም። ነጠላቸው ወገባቸው ላይ ጥብቅ ብሎ ታስሯል፣ እጃቸው ከውሃው ቅዝቃዜ ቀልቷል። ቀና ብለው «ልጄ፣ ያቺን ጀሪካን ወዲህ አቅርብልኝ» አሉኝ። አቀረብኩላቸው፤ ልብሴን እንዳይነካው ከሰውነቴ አርቄ ይዤ። «እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። ሄድኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ቡና አፍልታ ከጎረቤታችን ጋር ተቀምጣለች። ጫማዬን ሳላወልቅ ጀመርኩ። እንዴት እንደለፋሁ፣ ማን ማን እንደተጠራ፣ ያ ዘይት ያመጣው ሰውዬ እንኳ ዘይቱን ያመጣው በስንት ጉትጎታ እንደሆነ። እናቴ እስክጨርስ ሰማችኝና፦

«ወንበሮቹስ?» አለችኝ።

«የምን ወንበር?»

«ሁለት መቶ ወንበር ተከራየሁ ስትል አልነበር? ተሰበሰቡ ወይ?»

«ስማቸው የተጠራው ይሰብስቧቸው!»

መልስ አልሰጠችኝም። «ጀባ» ብላ ሁለተኛውን ሲኒ ለጎረቤታችን አቀበለች። እናቴ ዝም ከምትል ብትቆጣ እመርጣለሁ።

በነጋታው ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣ 12 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ሄድኩ። ወንበሮቹ ሜዳ ላይ አድረው፣ ጤዛ ጠጥተው፣ ግማሹም ጠፍቶ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ውሉ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝና ሆዴ ባር ባር እያለ ነው የገባሁት። ወንበሮቹ ግን አሥር አሥር ሆነው ተደራርበዋል። ሃያ ረድፍ፣ ላያቸው ላይ የድንኳኑ ሸራ ለብሶ፣ በገመድ ታስሮ። ቆጠርኳቸው። አንድም አልጎደለ።

ዘበኛውን ጠየቅሁት። «ማታ እማሆይ ናቸው» አለኝ። «ብርጭቆውን ሲጨርሱ ወንበሩን አይተው ‹ይሄ የሰው ዕቃ ነው፣ ውጭ አያድርም› አሉ። እሳቸውና እኔ ተያያዝነው። ከማዶ ሻይ የሚሸጠው ልጅም መጥቶ አገዘን።»

«የትኛው? ሙስሊሙ?»

«አዎ። ‹ነገ ባለ ወንበሩ ሲመጣ ኮሚቴው እንዳያፍር› ብሎ።»

የወሎ ሰው ይህን ሲያነብ አይገርመውም። መስጊድ ሲሠራ ድንጋይ የሚያቀብል ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ቆርቆሮ የሚያወጣ ሙስሊም እያየን ነው ያደግነው። እኔን የቆጠቆጠኝ ሌላ ነው። በዓሉ በዓሉ ያልሆነ ልጅ እኔ እንዳላፍር ሲደክም አምሽቷል። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ማን ተጠራ ማን ቀረ እያልኩ ስም እቆጥራለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እየመጣ ይጠዘጥዘኛል። ብዙ ጊዜ ሲነበብ ሰምቼው አልፌዋለሁ። ከቁጥር 7 ጀምሮ ያለው ነው። ሲያርስ የዋለ ባሪያ ወደ ቤት ይገባል። ጌታው «ና ተቀመጥ፣ ብላ» አይለውም፤ «እራቴን አሰናዳ፣ ታጥቀህም አገልግለኝ» ነው የሚለው። ሲያርስ የዋለ ሰው እኮ ነው! የደላንታን ወይም የወሎ ቦረናን ገበሬ አስቡት፤ ቀኑን ሙሉ ሞፈር ጨብጦ፣ እግሩ በጭቃ ተለብዶ ማታ ሲገባ «በል እንግዲህ ወጥ ሥራ» ሲባል። ከዚያ ጌታችን ይጠይቃል፤ ያዘዘውን ስላደረገ ያመሰግነዋልን? መልሱም የታወቀ ነው። እናንተም የታዘዛችሁትን ሁሉ ባደረጋችሁ ጊዜ «የማንጠቅም ባሪያዎች ነን፥ ልናደርገው የሚገባንን አድርገናል» በሉ ይላል።

እውነቱን ልናገርና ይህ ቃል ለረጅም ጊዜ አይዋጥልኝም ነበር። ጭካኔ ይመስለኛል። እንዴት አንድ «ተባረክ» እንኳ ይነፈጋል? ግን በዚያው በሉቃስ ምዕራፍ 12 ላይ ነገሩ ተገልብጦ ተቀምጧል። ጌታቸው ሲመጣ ተግተው ያገኛቸውን ባሪያዎች ራሱ ታጥቆ በማዕድ ያስቀምጣቸዋል፣ ቀርቦም ያገለግላቸዋል ይላል። ያው መታጠቅ፣ ያው ማዕድ። የታጠቀው ግን ጌታው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነባቸው ምዕራፍ 17ን ለብቻው እንደ ደረቅ ትእዛዝ ማንበቤ ስሕተት እንደነበር ገባኝ።

«ታጥቆ» የሚለውን ቃል ደግሞ በዋዛ አትለፉት። በአማርኛ «አደገደገ» የምንለው ነገር አለ። ድሮ ሰው ከጌታው ፊት ሲቆም ሸማውን አውርዶ ወገቡ ላይ ያስራል፤ ሎሌ ነኝ፣ ታዛዥ ነኝ ማለት ነው። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13ን በዚህ ዓይን አንብቡት። ከእራት ተነሣ፣ ልብሱን አኖረ፣ ማበሻ ጨርቅ ወስዶ ታጠቀ። ጌታ አደገደገ! ያውም ዓሣ አጥማጆች ፊት። ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ከመብላታችን በፊት ካህናቱ ሕጽበተ እግር ሲያደርጉ የምናየው ይኸው ነው። ሁልጊዜ የማየው ውሃውን ነበር። ወገቡን አይቼው አላውቅም። እማሆይን ድንጋይ ላይ ካየሁ ወዲህ ነው ዓይኔ ወደ ወገብ መሄድ የጀመረው።

ስለ እግር ካነሣሁ ላሊበላን ሳላወራ ማለፍ አልችልም።

በ2011 ዓ.ም. ለገና ሄጄ ነበር። ከደሴ በወልድያ፣ ከዚያ በጋሸና አድርገን፣ ጠዋት ተነሥተን አመሻሽ ላይ ገባን። ታኅሣሥ 29 የጌታችንም የቅዱስ ላሊበላም ልደት ነውና ከተማው በሰው ተጥለቅልቋል። ሰው ከየት ከየቱ ስንቁን አንጠልጥሎ፣ ብዙው በባዶ እግሩ፣ ቀናትና ሳምንታት ተጉዞ ነው የሚመጣው። እኛ ከመኪና ወርደን ወገባችንን እያፍታታን ሳለ የከተማው ልጆች መንገድ ዳር ሣፋ ይዘው፣ ውሃ አሙቀው እንግዳ ይቀበላሉ። እግር ያጥባሉ። ይህ እዚያ ወግ ነው፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር።

ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከዋድላ በእግራቸው ነው የመጡት። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ እንደ ክረምት ጠፍ መሬት ሆኗል፣ ስንጥቁ ውስጥ አፈር ገብቷል። አሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ያንን ስንጥቅ በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ይጠርገዋል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ልጁ ጨረሰና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«ተው አንተ ልጅ፣ እኔ በመኪና ነው የመጣሁት» አልኩት። እውነት ነው፣ አቧራ አልነካኝም። ሌላም እውነት ነበር፤ የግራ ካልሲዬ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል። ልጁ «ግድ የለም» ይላል፣ እኔ «ኧረ በፍጹም፣ ይቅርብኝ፣ አይገባኝም» እላለሁ። ሰው እየሰማኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ «አይገባኝም» ስትል ደስ የሚል ነገር አለው። ያኔ ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡና፦

«ስጠው እንጂ! እኔስ የሰጠሁት ንጹሕ እግር መስሎህ ነው?» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ካልሲዬን አወለቅሁ። ውሃው ሞቅ ያለ ነበር። ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም፣ ስለ ካልሲዬም ምንም አላለም። እኔ ግን ሰው እግሬን ይዞ ሲያጥበኝ ምን ላድርግ፣ እጄን የት ላስቀምጥ ጠፋኝ። መስጠት ለምዶብኛል፤ ስሰጥ ከላይ ነኝ። መቀበል ግን ሌላ ነው፤ ሲሰጡህ ምን እንደጎደለህ ይታያል። ጴጥሮስ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ሲል ድሮ ትሕትና ይመስለኝ ነበር። አሁን እሱም የተቀደደ ነገር ነበረው ብዬ እጠረጥራለሁ። የጌታ መልስም ኮስተር ያለ ነው፤ «ካላጠብሁህ፥ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም»።

እስቲ ደግሞ ያንን ምዕራፍ 13 እስከ መጨረሻው አንብቡት። ይህን ያየሁት በቅርቡ ነው። ይሁዳም ከታጠቡት መካከል ነበረ፤ የወጣው ኋላ ነው። እና በዚያ ሁሉ መታጠብ መሀል አንድ ሰው «እግዜር ይስጥልን» አላለም! አንዱ ተከራከረ፣ አንዱ ሊሸጠው ወጣ፤ አመሰገነ የተባለ ግን የለም። ይህን እያነበብኩ የጥር ንግሡን ማይክ አስታወስኩና ብቻዬን ሳቅሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ስለ ትሕትና የሚሰብክልን ብዙ ጊዜ ማይክ የያዘው ነው። «ዝቅ በሉ» ይላል ከመድረክ ላይ፤ ብርጭቆ የሚያጥቡት ደግሞ ስብከቱን የሚሰሙት ከጓሮ ነው። የዘበኛ ደመወዝ ሲዘገይም «በረከት አለው» ሲባል ሰምቻለሁ። እንጃ። የሰውን ላብ ከልክሎ ስለ በረከት ማውራት ለእኔ አይጥመኝም። ጌታችን እግር እጠቡ ያለው ራሱ አጥቦ ሲያበቃ ነው። ጎንበስ ሳይሉ ሌላውን ጎንበስ በል ማለት ከእሱ የተማርነው ነገር አይደለም። የንግግር ትሕትናም እንዲሁ ነው። ቋንቋችን ሞልቶታል። «እኔ ኃጢአተኛው»፣ «እኔ አላዋቂው»፣ «ለእናንተ ማስተማር ሳይገባኝ»። ይህን የሚለውን ሰው «እውነትህን ነው፣ አታውቅም» በሉት እስቲ። ጉድ ይፈላል። እኔንም ጨምሮ።

ሰሞኑን የአባ ኢየሱስ ሞዓ ነገር በጭንቅላቴ ይመላለሳል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሰሜን ስትሄዱ ሐይቅ አለ፤ ከሐይቁ ዳር ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም። ወንድ ብቻ የሚገባበት ነው፤ እናቴ ሁልጊዜ ከበሩ ስማ ትመለሳለች። አባ ኢየሱስ ሞዓ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1248 ወደዚያ መጥተው ከ40 ዓመት በላይ አስተማሩ፣ አመነኮሱ፣ መጻሕፍት አስገለበጡ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። አሁን መንገድ ላይ ማንንም አስቁማችሁ ጠይቁ፤ ተክለ ሃይማኖትን የማያውቅ የለም። በስማቸው የታነጸው ቤተ ክርስቲያን ብዛቱ ሌላ። መምህራቸውን ግን፣ ከእኛ ከወሎዎቹ ውጭ፣ ስንቱ ያውቃል? ገዳም የገባ ሰው ደግሞ ቆብ ከመጫኑ በፊት በአመክሮ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ አባቶችን ይረዳል። እዚያ የውሃ ቀጂዎችን ስም የጻፈ መዝገብ አለ ብዬ አላስብም። ቅዳሴው ግን ያለ ውሃ አይቀደስም።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ ከመጋቢ የሚፈለገው ታምኖ መገኘት ነው ይላል። ጎበዝ መሆን፣ መታወቅ አላለም። ወዲያው ቀጥሎ ደግሞ የሰው ፍርድ ለእሱ ትንሽ ነገር እንደሆነ ይናገራል። እኔ ሦስት ሌሊት ጎበዝ ነበርኩ። በአራተኛው፣ ወንበሩ ሲቀር፣ አልተገኘሁም።

እንግዲህ ባለፈው ወር በወርኃዊው በዓል ቀን ማንም ሳይጠራኝ ወደ ማእድ ቤቱ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅም አስቤ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጀምር እያጠናሁ ነው የደረስኩት። ነጠላዬንም ከመንገድ ጀምሬ ወገቤ ላይ አስሬያለሁ። አደግድጌ መሆኑ ነው። እማሆይ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ይህን ነጭ ነጠላ ምን ልታደርግበት ነው? ይጠቁርብሃል፤ አውልቀህ እዚያ ሚስማሩ ላይ ስቀለው።»

አወለቅሁ። «እማሆይ፣ ያን ቀን ስለ ወንበሩ...» ብዬ ስጀምር፣ «የቱ ወንበር?» አሉኝ። የምራቸውን ነው። ረስተውታል። ብርጭቆ ወደ ያዘው ሣፋ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ብርጭቆውን እኔ እችለዋለሁ። አንተ ጎላውን ያዝ።»

ጎላው በርበሬ ያረረበት ነው፤ ሕፃን ልጅ ውስጡ ቆሞ ይታጠብበታል። አመድና ሽቦ ሰጡኝ። ውሃው እጅ ይቆርጣል። ውስጡን ፈትጌ ፈትጌ መስተዋት አስመሰልኩት። ጣቴ ደንዝዟል፣ ላብ ግን በጀርባዬ ይወርዳል። ቀና ብዬ «ጨረስኩ እማሆይ» አልኳቸው። መጥተው ውስጡን አዩ፣ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ገልብጠው» አሉኝ።

ገለበጥኩት። ከእንጨት ጭስ የተጋገረ ጥላሸት፣ ስንት ንግሥ እንደተቆለለበት እንጃ። እማሆይ ሌላ ጭብጥ አመድ ዘግነው አጠገቤ አስቀመጡና ወደ ብርጭቆአቸው ተመለሱ።